የጎደላቸው ወኔ አይደለም፦ «አንጋፋ ቡጢኞችን የሚጥላቸው ጥጋብ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንጋፋ የቡጢ ሻምፒዮኖች በሥራ ዘመናቸው ማብቂያ ላይ ለምን እንደሚወድቁ የሚያትት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ ሻምፒዮን ቀድሞ የሚያረጀው በልቡ ነው፣ ገንዘብና ዝና ያጠግቡታል፣ የጠገበ ሰው ደግሞ እንደ ድሮው አይፋለምም። ጸሐፊው የማርቪን ሃግለርን አንድ የታወቀ ንግግር መነሻ አድርገው፣ መሐመድ አሊ ከላሪ ሆምስ፣ ቭላድሚር ክሊችኮም ከታይሰን ፉሪ ያደረጓቸውን ግጥሚያዎች፣ እንዲሁም የማይክ ታይሰንን የመጨረሻ ሽንፈት በማስረጃነት ያቀርባሉ። በ45 ዓመቱ ሻምፒዮን የሆነውን ጆርጅ ፎርማንን ደግሞ እልሁን ያላጣ ሰው በዕድሜ እንደማይሸነፍ ለማሳየት ይጠሩታል። ሲያጠቃልሉም የአሰልጣኝ ትልቁ ሥራ የአንጋፋውን እልህ መልሶ መቀስቀስ ነው ይላሉ።

ጸሐፊው ስፖርቱን እንደሚወዱ ከጽሑፋቸው ይታያል፤ እኔም የምመልስላቸው በዚያው ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ያቀረቡት ሐሳብ ራሳቸው ከጠሯቸው ሰዎች ታሪክ ጋር አይገጥምም። ከዚያም በላይ ጉዳት አለው፤ ጭንቅላቱ የተጎዳን ሰው «ሐሞትህ ፈሰሰ» ብሎ መውቀስ፣ ሰውየው ሐሞቱ እንዳልፈሰሰ ለማሳየት ሲል ሌላ ቡጢ እንዲቀበል መግፋት ነውና። ነጥቦቻቸውን በተራ ልመልስ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሐሩ ፒጃማ። ሃግለር በሐር ፒጃማ የሚተኛ ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ለሩጫ መውጣት እንደሚከብደው መናገሩ የታወቀ ነው፤ ጸሐፊውም ይህን አባባል የጽሑፋቸው ምሰሶ አድርገውታል። አባባሉ ያማረ ነው፤ የተናጋሪው የራሱ ታሪክ ግን አያረጋግጠውም። ከ1980 ጀምሮ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ቀበቶውን 12 ጊዜ ያስከበረው ሃግለር፣ በ1987 ላስ ቬጋስ ላይ ከሹገር ሬይ ሌናርድ ጋር ሲገናኝ 32 ዓመቱ ነበር። ሌናርድ በበኩሉ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ውስጥ የተጋጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሀብታም ነበር፣ ዝነኛ ነበር፣ ሐር ከተባለም ሐሩ የነበረው በእሱ ቤት ነው። ነገሩ በጥጋብ ቢወሰን ኖሮ መሸነፍ የነበረበት ሌናርድ ነበር። ከሦስቱ ዳኞች ግን ሁለቱ ለሌናርድ፣ አንዱ ለሃግለር ሰጡ፤ ውጤቱም እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል። ሃግለር የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በለመደው የግራኝ አቋም ሳይሆን በቀኝ እጀኛ አቋም ተፋልሞ ማባከኑ ጎድቶታል፤ ይህ ግን የስልት ስህተት እንጂ የወኔ ጉድለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የመልስ ግጥሚያ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ እንደማያገኘው ሲገባው በ1988 መሰናበቱን አስታወቀ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። እልሁ ያለቀበት ሰው የመልስ ግጥሚያ ፍለጋ አንድ ዓመት ሙሉ አይጠብቅም።

የሀብት ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ከሚሉት ተገልብጦ ይገኛል። ጆ ሉዊስ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን 25 ጊዜ ካስከበረ በኋላ በ1949 ተሰናብቶ ነበር፤ በ1950 የተመለሰው የአሜሪካ መንግሥት የሚጠይቀው የግብር ዕዳ አላስቀምጥ ስላለው ነው። ማጣት እልህን የሚወልድ፣ እልህም ድልን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ከሉዊስ የበለጠ ለማሸነፍ የተገባ አልነበረም። ኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ አሸነፈው፤ በ1951 ደግሞ ሮኪ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር በገመዶቹ መሃል አሳልፎ ዘረረው። ሉዊስ በዚያን ዕለት 37 ዓመቱ ነበር። በሌላ በኩል ማኒ ፓኪያኦ በ2019 ከኪት ተርማን ጋር ሲገናኝ የፊሊፒንስ ሴናተርና ከአገሩ ዝነኛ ባለጸጎች አንዱ ነበር፤ በ40 ዓመቱ፣ በአሥር ዓመት የሚያንሰውን ያልተሸነፈ ሻምፒዮን በመጀመሪያው ዙር መሬት አስነክቶ በነጥብ አሸነፈው። ዕዳ ያሳደደው ወደቀ፤ ሐር ለብሶ የሚያድረው ድል አደረገ።

ወደ አሊ ልለፍ፤ በጸሐፊው አባባል ይበልጥ ያዘንኩት እዚህ ላይ ነው። በ1980 በሆምስ ፊት የቆመው አሊ ለገንዘብ የመጣ፣ መፋለም ያልፈለገ፣ በልቡ አስቀድሞ የተሰናበተ ሰው እንደነበር ጽፈዋል። ገንዘቡ ብዙ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን አሊ ወደዚያ ግጥሚያ የመጣው የከባድ ሚዛንን ዘውድ ለአራተኛ ጊዜ የሚጭን የመጀመሪያው ሰው ለመሆን ነው። በወራት ውስጥ ብዙ ኪሎ ቀንሶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከ99 ኪሎ በታች ነበር፤ ይህም በ1974 ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን ሲጥል ከነበረው ክብደት እምብዛም አይርቅም። ሽበቱን በጥቁር ቀለም ሸፍኖ፣ ወገቡ ቀጥኖ ሲታይ ብዙዎች የድሮው አሊ ተመለሰ ብለው ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ፍላጎት አጥቷል ሊባል አይችልም።

ታዲያ ምን ነበር የጎደለው? ከግጥሚያው ጥቂት ወራት አስቀድሞ በማዮ ክሊኒክ ተመርምሮ ነበር። በምርመራው ጣቱን ከአፍንጫው ጫፍ ለማገናኘት ሲሞክር በትንሹ ይስት እንደነበር፣ በአንድ እግሩ ሲነጥር እንደሚጠበቀው ቀልጣፋ እንዳልነበር፣ በንግግሩም ላይ መጎተት እንደነበረ ተመዝግቧል፤ ያም ሆኖ ሐኪሞቹ ከመጋጠም የሚከለክለው ነገር አላገኘንም ስላሉ የኔቫዳ የአትሌቲክስ ኮሚሽን ፈቃድ ሰጠው። በዚያ ላይ ከግጥሚያው በፊት በነበሩት ሳምንታት የታይሮይድ መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ያለ አግባብ ሲወሰድ ክብደትን ያረግፋል፣ የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበትን ሥርዓትም ያውካል። ሰዎች የድሮ ውበቱ ተመለሰ ያሉለት ገላ በውስጡ የነጠፈ ገላ ነበር። በ10ሩ ዙር አንድም ዙር አላሸነፈም፤ ቡጢ የሰነዘረውም ጥቂት ብቻ ነው። ጸሐፊው ይህን የእጅ መድረቅ አይተው «አልፈለገም» አሉ፤ እኔ ግን ምርመራውን አንብቤ «አልቻለም» እላለሁ።

ይህ አለመቻል በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም። በ1975 ማኒላ ላይ ከጆ ፍሬዘር ጋር 14 ዙር፣ በ1977 ደግሞ በጡንቻው ከሚፈራው ኧርኒ ሼቨርስ ጋር 15 ዙር ተፋልሞ፣ ሁለቱንም ያሸነፈው ቡጢውን እየተቀበለ ነው። ለዓመታት ሐኪሙ የነበረው ፈርዲ ፓቼኮ ከሼቨርስ ግጥሚያ በኋላ አሊ እንዲያቆም የሰጠው ምክር ሰሚ በማጣቱ ቡድኑን ለቅቆ ወጣ። በሆምስ ከተሸነፈ ከ14 ወራት በኋላም አሊ እንደገና ናሶ፣ ባሃማስ ውስጥ ተገኘ፤ 40 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በደህና ዘመኑ አጠገቡ ሊደርስ በማይችለው በትሬቨር በርቢክ በነጥብ ተሸነፈ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እልህ የጎደለበት ቦታ የት ላይ ነው? እኔ የማየው፣ ሰውነቱ ከለቀቀው በኋላ እንኳ ሊለቀው ያልቻለ እልህ ነው።

ጸሐፊው «እጁ የማይወጣው ልቡ ስላልፈለገ ነው» የሚሉትን ነገር የሥራው ሰዎች በሌላ መንገድ ያስረዱታል። ቡጢ ከተሰነዘረ በኋላ አይቶ መሸሽ ለማንም አዳጋች ነው፤ ጎበዝ ቡጢኛ የሚያነበው የባላጋራውን ትከሻና እግር ነው፣ የሚድነውም በግማሽ እርምጃ ልዩነት ነው። አሰልጣኞች እግር ቀድሞ ይሄዳል የሚሉት ስለዚህ ነው። ግማሿ እርምጃ ስትጠፋ ትናንት አፍንጫን ታክኮ ያልፍ የነበረው ቡጢ ዛሬ አገጭ ላይ ያርፋል፤ ክፍተቱን ዓይን ያያል፣ እጅ ግን ሲደርስ ክፍተቱ ተዘግቷል። ሮይ ጆንስ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ገላውን ወደ ኋላ እየሳበ የሚያመልጥ ሰው ስለነበር፣ ከፍጥነቱ ሥር ሌላ መሸሸጊያ አልነበረውም። በ2003 ጡንቻ ጨምሮ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ከወሰደ በኋላ ያንን ጡንቻ አራግፎ ከከባድ ሚዛን በታች ወዳለው ቀላል ከባድ ሚዛን ተመለሰ፤ በ2004፣ በ35 ዓመቱ፣ አንቶኒዮ ታርቨር በ2ኛው ዙር በአንድ ግራ ቡጢ ጣለው። ጆንስ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ መጋጠሙን ቀጠለ። ወኔ የጎደለው ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ጎድሎ የነበረው የሰከንድ ሽራፊ ነው።

በክሊችኮ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ማስረጃው በራሱ ይበቃል። በ2015 ዱሰልዶርፍ ላይ በ39 ዓመቱ በፉሪ ሲሸነፍ በ12 ዙር ያሳረፈው ቡጢ 52 ብቻ እንደሆነ ተቆጥሯል። ጸሐፊው ይህን ከዘጠኝ ዓመት በላይ በዙፋን ከመቀመጥ የመጣ ጥጋብ ነው ይሉታል። እንዲያ ከሆነ ከ17 ወራት በኋላ ዌምብሌይ ላይ፣ በ90 ሺህ ተመልካች ፊት፣ በ14 ዓመት የሚያንሰውን አንቶኒ ጆሹዋን የገጠመው ማን ነበር? በ5ኛው ዙር ወድቆ ተነሣ፣ በ6ኛው ጆሹዋን ራሱን መሬት አስተኛው፣ በ11ኛው ዙር ዳኛው እስኪያስቆመው ድረስም ተፋለመ። ሰውየው አንድ ነው፤ በሁለተኛው ግጥሚያ ዕድሜው ጨምሯል፣ ሀብቱም አልቀነሰም። የተለየው ባላጋራው ነው፤ ፉሪ ከእሱ የሚረዝም፣ ሳያቋርጥ የሚያታልልና ቆሞ የማይጠብቅ ሲሆን፣ ጆሹዋ ፊት ለፊት የሚመጣ ነበር። ይህ የሐሞት ጥያቄ ሳይሆን የርቀትና የስልት ጥያቄ ነው።

እኛም ይህን ችኩል ፍርድ ከሩጫው እናውቀዋለን። ቀነኒሳ በቀለ በጉዳት ምክንያት ማራቶን ባቋረጠ ቁጥር «ጠግቧል» የሚለው ወሬ በየካፌው ይሰማ ነበር፤ በ2019 በርሊን ላይ በ37 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ፣ ከዓለም ክብረ ወሰን የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። እግሩ ሲድን ልቡ እዚያው ነበር።

በማይክ ታይሰን ጉዳይ ግን ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። በ2005 ዋሽንግተን ውስጥ ከኬቪን ማክብራይድ ጋር ሲጋጠም ከ6ኛው ዙር በኋላ ለመቀጠል አልተነሣም፤ ይህ ሥራ በልቡ ውስጥ እንደሌለ በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። ቃሉን አምናለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ታይሰን በ2003 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመልክቶ የነበረ ባለዕዳ ነው፤ የጸሐፊውን «ጥጋብ» በእሱ ላይ ማግኘት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ታይሰን ልምምዱን ችላ ብሎ የተሸነፈበት ታዋቂው ቀን በ1990 ቶኪዮ ውስጥ ነው፤ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ያሸነፈው በስተር ደግላስም በዚያው ዓመት ቀበቶውን ሊያስከብር የመጣው ከቶኪዮው ክብደቱ ከ6 ኪሎ በላይ ጨምሮ ነው፤ ኢቫንደር ሆሊፊልድ በ3ኛው ዙር ዘረረው። እንግዲህ የእልህ መላላት በእውነት አለ፤ እኔም አልክደውም። ይበልጥ የሚታየው ግን ዘውዱ በተጫነ ማግስት፣ በወጣትነትና በሙቅ ደም ነው። እስከ ሽበት የሚደርሱት በአብዛኛው ይህን ፈተና ያለፉት ናቸው።

ፎርማንስ? ጸሐፊው በ1994 በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር መዘረሩን አንሥተዋል፤ የማይረሳ ምሽት ነው። የዘነጉት ግን ፎርማን በ1977 በጂሚ ያንግ ከተሸነፈ በኋላ ቡጢን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሰባኪ መሆኑን ነው። ፍላጎቱን ያጣው በ28 ዓመቱ ነው፤ የተመለሰው በ38 ዓመቱ፣ በሂዩስተን ላቋቋመው የወጣቶች ማዕከል ገንዘብ ፍለጋ ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ጭንቅላቱ ከቡጢ አርፏል። ሲመለስ ይዞ የመጣው ደግሞ ከሁሉ ዘግይቶ የሚሄደውን ሀብት፣ የክንዱን ኃይል ነው። በሙረር ግጥሚያ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ በሦስቱም ዳኞች መዝገብ እየተመራ ነበር፤ የሚፈልገው አንድ ቀኝ ቡጢ ሲሆን እሱንም አገኘው። ፎርማን በእልህ ዕድሜን ያሸነፈ ሰው ተብሎ ከሚጠራ ይልቅ፣ ዕድሜ ቶሎ በማይነካው መሣሪያው የተዋጋ ሰው ቢባል ይሻላል።

እንደ ፎርማን ያለውን ምሳሌ ጸሐፊው ቢፈልጉ ኖሮ በርናርድ ሆፕኪንስ ይሻላቸው ነበር፤ በ2011 ሞንትሪያል ላይ በ46 ዓመቱ ዣን ፓስካልን አሸንፎ የፎርማንን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ በ49 ዓመቱም ሌላ ቀበቶ ጨመረ። ከመጠጥ የራቀ፣ አመጋገቡን የሚቆጥር፣ ቡጢ ላለመቀበል የሚዋጋ ሰው ነበር። እልሁን ማንም አይጠረጥርም። ያ እልህ ግን በ2016 በ51 ዓመቱ ከጆ ስሚዝ ጋር እንዲገናኝ አደረገው፤ በ8ኛው ዙር በገመዶቹ መሃል አልፎ ከመድረኩ ውጭ በጭንቅላቱ ወደቀ። የጸሐፊው ሐሳብ ስለዚህ ምሽት ምንም የሚለው የለውም።

አሁን ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካውን ነገር ላንሣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሐሪሰን ማርትላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በቡጢኞች ላይ የሚታየውን የመንገዳገድና የመደንዘዝ ሕመም በሕክምና መጽሔት ከገለጸ ከ1928 ጀምሮ፣ ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት አንጎልን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ እየታወቀ መጥቷል። በ2021 ባለሙያዎች ተስማምተው ባወጡት የምርመራ መስፈርት፣ ከዚህ ጉዳት ጋር አብረው ከሚታዩ ደጋፊ ምልክቶች መካከል ድባቴ፣ ጭንቀትና የፍላጎት መጥፋት ተዘርዝረዋል። ሰው ነገር ሲሰለቸው፣ መነሣት ሲያቅተው፣ ትናንት ያንገበግበው የነበረው ነገር ዛሬ ደንታ ሳይሰጠው ሲቀር፣ ያ ራሱ የቁስል ምልክት ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ አንጋፋ ላይ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሥር የሰደደው የአንጎል ጉዳት በእርግጠኝነት የሚረጋገጠውም ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነው። ነገር ግን «እልሁ ጠፋ» በተባለ ጊዜ መጠራት ያለበት የመጀመሪያው ሰው ሐኪም እንጂ አነቃቂ ተናጋሪ አይደለም።

የፈቃድ ሰጪዎች ነገርም እዚሁ ላይ ይነሣል። በ2005 የኒው ዮርክ ባለሥልጣናት ሆሊፊልድ ችሎታው ቀንሷል ብለው እንዳይጋጠም ሲያግዱት 42 ዓመቱ ነበር፤ እሱ ግን በሌሎች ስፍራዎች እስከ 2011 ድረስ መጋጠሙን ቀጠለ። በአንድ ግዛት አይሆንም የተባለ ሰው በሌላው ይሁን ይባላል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ቡጢኛውን ሊያስቆም የሚችለው አጠገቡ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ለዚህ ሰው የሚሰጡት ምክር ደግሞ እልሁን ቀስቅስ የሚል ነው።

ስለዚህ ወደ 1980ው የላስ ቬጋስ ምሽት ልመለስ። 10ኛው ዙር አልቆ አሊ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ፣ በማዕዘኑ ያሉ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ፈለጉ። ለዓመታት አሊን በቃል በማጋል የሚታወቀው ቡንዲኒ ብራውን አንድ ዙር ብቻ እንዲጨመር ይማጸን ነበር። አሰልጣኙ አንጄሎ ደንዲ ግን ዋናው የማዕዘን ኃላፊ እኔ ነኝ ብሎ፣ ግጥሚያው ማብቃቱን ለመሃል ዳኛው ነገረው። ሁለቱም አሊን ይወዱት ነበር። ጸሐፊው ለአሰልጣኞች የሚመክሩት ቡንዲኒ የጠየቀውን ነው፤ እኔ የምመክራቸው ደንዲ ያደረገውን ነው።